የተቆረጠው ቀይ

ስክሪኑ ላይ የወጣው ግራፍ የእሷ ነበር፤ ግን መጀመሪያው የለም።

ልጅቷ ከአዳራሹ የኋላ ግድግዳ ተጠግታ ቆማለች። ወንበሮቹ ለሁለት ቀኑ ስብሰባ ለመጡ ተመራማሪ እንግዶች ስለተያዙ ማንም ተቀመጪ አላላትም። መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። ስንት ልፋት የፈሰሰበት የግራፉ መነሻ፣ ያ ወደ ቀይ የሚወርደው መስመር፣ ከሥሩ ተቆርጦ ጠፍቷል። የቀረው ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ወደ ሰማያዊ የሚወጣው መስመር ብቻ ነው።

ከኮምፒውተሩ ጋር ተቀምጦ ገጾቹን የሚያሳልፈው ሎጋው ነው። በቁመቱና በመልኩ የቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራው። የቤተ ሙከራው ዳይሬክተር ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዋ፣ ደግሞም ከሁለቱ በቀር ማንም የማያውቀው እጮኛዋ። "ገጾቹን እኔ አዘጋጃለሁ፤ አንቺ ትንሽ እረፊ" ብሏት አምናው ነበር። እንዲህ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ዓይን ለዓይን ተገጣጥመው፣ ማንም ሳያይ ተሳስቀው መለያየት ልማዳቸው ነው። ዛሬ ግን አፍጥጣ ብታየው፣ ብታየው፣ እሱ ዓይኑን ከጠረጴዛው እግር ላይ አላነሳም።

ያኔ ማን እንደቆረጠው ገባት። ደሟ ፈላ።

"ይህ እንግዲህ የቡድናችን ውጤት ነው" አሉ ዳይሬክተሩ፣ የመነጽራቸውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዘው። "በልጄ አስተባባሪነት የተሠራ።" ጭብጨባው ሲበርድ ዓይናቸው እሷ ላይ አረፈ። "ያቺ እዚያ የቆመችው ደግሞ ረድታናለች። የሾፌራችን ልጅ ናት፤ እኛው ግቢ ነው ያደገችው። እንደ ልጃችን ማለት ናት።"

እንግዶቹ ዞረው ፈገግ አሉላት። አንዲት ሴትዮ "ወይኔ፣ ጎበዝ!" አለቻት፣ ዳዴ ለጀመረ ሕፃን በሚባልበት ድምፅ።

ለመሆኑ ምኗ ተቆረጠና ነው እንዲህ የሆነችው?

እዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኃይለኛ የሌዘር ብርሃን፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብረት ሳጥን ውስጥ በቆመ ስስ የብርጭቆ ሰሌዳ ላይ ይተኮሳል። ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ ለመቅለጥ እንኳ ጊዜ አያገኝም፤ ወዲያው አተሞቹ ተበጣጥሰው ፕላዝማ የሚሉት የጋለ ነገር ይሆናል። ያ ፕላዝማ ወዴት ይሮጣል? በምን ፍጥነት? ይህን የሚያሳድድ ካሜራ የለም። ሰከንድን ሚሊዮን ቦታ ቆርጠው፣ አንዷን ቁራጭ እንደገና ሚሊዮን ቦታ ቢቆርጧት ነው የዚያ ሩጫ ጊዜ የሚገኘው። ስለዚህ ዋናውን ብርሃን ተከትሎ አንድ ደካማ ብርሃን ይልኩና፣ ፕላዝማው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ቀለሙን ይመረምራሉ። ፕላዝማው ወደ እነሱ እየመጣ ከሆነ ቀለሙ ለዓይን የማይታወቅ ያህል ወደ ሰማያዊው ወገን ይሸሻል። እየራቀ ከሆነ ደግሞ ወደ ቀዩ። የደካማውን ብርሃን መድረሻ ጊዜ የሚወስኑት መንገዱን በማርዘም ነው፤ አንድ መስታወት በፀጉር ስፋት ወደ ኋላ ሲንሸራተት ብርሃኑም በዚያው ልክ ይዘገያል።

ዳይሬክተሩ ስም ያተረፉት በወጣትነታቸው፣ ፕላዝማው ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ወደ ውጭ ብቻ ይፈነዳል ብለው በመጻፍ ነበር። ልጅቷ ያየችው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ብርሃኑ ራሱ ፕላዝማውን ገፍቶ ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይነዳዋል፤ ቀለሙ ይቀላል። ዞሮ የሚፈነዳው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀይ ያየች ዕለት እልልታዋ ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር። ሎጋውም ከመሬት አንስቶ አሽከርክሯታል። በዚያው ዕለት ነው "እናትና አባቴን እንንገራቸው፤ እንጋባ" ያላት።

አሁን ያ ቀይ የለም። አብሮት የነበረው ደስታም ከእጇ አፈትልኮ ወዴት እንደገባ አታውቅም።

*

እንግዶቹ ለሻይ ሲወጡ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ አገኘችው። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

"አንተ ነህ?"

"ችኮ፣ ቆይ መጀመሪያ ስሚኝ..."

ችኮ የሚላት እሱ ብቻ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ አልሸነፍም ስትል የሚጠራበት ስም። ዛሬ ሲጠራት ግን ሰውነቷን ኮሰኮሳት።

"ስሜን ተወው። አንተ ነህ ወይ ነው የምልህ?"

"እኔ ነኝ።"

ቢክዳት ይሻላት ነበር። የወንበሩን ጀርባ በሁለት እጇ ተደገፈች።

"አባባ ናቸው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "'ወይ ያቺ ቀይ ትወጣለች፣ ወይ ልጅቷ ትወጣለች' አሉኝ። ምን ላድርግ? ከቤተ ሙከራው ቢያስወጡሽስ? ስንት ዓመት የለፋሽበት ትምህርት መና ይቅር? ለአንቺ ብዬ ነው። በሞቴ፣ ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ ነው።" ቃሉን እንደ መራራ ክኒን ቀስ ብላ ደገመችው። "እኔስ ተጠየቅሁ? አፍ የለኝም? 'አባቴ እንዲህ አሉ፣ ምን ይሻላል?' ማለት አቅቶህ ነው ወይስ የሾፌር ልጅ አይጠየቅም?"

"እሱን ከየት አመጣሽው! እኔ መቼ ነው እንደዚያ አይቼሽ የማውቀው?"

"ዛሬ! አባትህ በሰው ፊት 'ረድታናለች' ሲሉ አንተ ገጽ ትገለብጥ ነበር። ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም።"

ከጎናቸው የአየር መምጠጫው ሞተር ያጓራል። ከክፍሉ መስኮት ማዶ የብረት ሳጥኑ አብረቅርቆ ይታያል፤ ስንት ቀን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው መስታወት ያስተካከሉበት፣ በጥቁር የሌዘር መከላከያ መነጽር ሥር ሆነው የተሳሳቁበት። ልቧ ትንሽ ራራ። ምናልባት አንድ ቃል ቢላት ሁሉም ይረሳል።

"እሺ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "እውነቱን ንገረኝ። ቀዩ እውነት መሆኑን ታምናለህ?"

"አባባ ብርሃኑ የሚያልፍበት የሳጥኑ የመስታወት መስኮት ያመጣው ስህተት ነው ይላሉ። እና እኔም... መቶ በመቶ አይደለም እንጂ..."

"ተወው። በቃ። ገባኝ።"

"ችኮ!"

"መስኮቱ አለመሆኑን አሳይቼህ ነበር። እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠህ 'ልክ ነሽ' ብለኸኛል። እቅፍ አድርገኸኛል! ሳታምነኝ ነው ያቀፍከኝ?"

መልስ አልጠበቀችም። ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ እንባዋ መጣ፤ ግን የእልህ እንባ ነውና ሊፈስ ሲል መልሳ ዋጠችው። ያቃጠላት መቆረጡ አይደለም። የምትወደው ሰው በልቡ ውሸታም አድርጓት፣ በእጁ ያቅፋት እንደነበር ማወቋ ነው።

*

የእሷና የአባቷ ቤት ከዳይሬክተሩ ትልቅ ቤት በስተጀርባ፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሁለቱ ብቻቸውን ኖረዋል። ስትገባ አባቷን የመኪናውን ጨርቅ ይዘው ደጅ ቆመው አገኘቻቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"እትዬ ይጠሩሻል" አሉ። "አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽ ነው?"

"ምንም አላደረግሁም፣ አባዬ።"

"እባክሽን ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ውለታቸው አለብን።"

ውለታ! ይህን ቃል እየሰማች ነው ያደገችው። ሎጋው ያነበባቸውን መጻሕፍት ስታገኝ ውለታ፣ የእትዬን ያረጀ ካፖርት ስትለብስ ውለታ፣ አባቷ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ እንግዳ ሊያደርሱ ሲወጡም ውለታ። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ሲመልሱት የማያልቅ ነገር።

እትዬ ሳሎን ተቀምጠዋል። የዳይሬክተሩ ባለቤት፣ የሎጋው እናት፤ ድምፃቸው ሁልጊዜ ለስላሳ ነው፣ ሲቆጡም አይጨምርም። አባቷ ምንጣፉን ላለመርገጥ በሩ ላይ ቆሙ።

"ነይ የኔ ቆንጆ፣ ተቀመጪ። ልጄ ዛሬ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ምን ሆንክ ብለው ተናዘዘልኝ። ትዋደዳላችሁ አሉ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

አባቷ ከኋላዋ ትንፋሻቸው ሲቆረጥ ሰማች።

"ልጅነት ነው፤ ይታለፋል" አሉ እትዬ ፈገግ ብለው። "ግን አስቢው እስቲ። አንድ ግቢ አድጋችሁ፣ አንድ ማዕድ በልታችሁ! አንቺ እኮ እንደ ልጄ ነሽ። እህትና ወንድም ማለት ናችሁ። ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ነውርም አይደል?"

"እኔ እህቱ አይደለሁም።"

"ምን አልሽ?"

"እህቱ አይደለሁም፣ እትዬ። እህቱ ብሆን ኖሮ የልደቱ ቀን በጓሮ በር አልገባም ነበር። ሌላ ጊዜ ሁሉ የሾፌሩ ልጅ ነኝ። ዛሬ ልጅዎ ሲወደኝ ጊዜ ነው እህቱ የሆንኩት? ደግሞ ሁልጊዜ 'እንደ' ትላላችሁ። እንደ ልጃችን! ይህቺ 'እንደ' የምትባለው ቃል እኮ ናት ስታቃጥለኝ የኖረችው። ወይ ልጅ በሉኝ፣ ወይ ባዳ በሉኝ፤ ሁለቱንም እችለዋለሁ!"

የእትዬ ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። "አሳድገን፣ አስተምረን፣ ምላሹ ይሄ ነው? ሾፌር! ትሰማለህ ልጅህ የምትለውን?"

ልጅቷ ወደ በሩ አልዞረችም። አባቷ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ጎንበስ ሲሉ ማየት አልቻለችም። ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

አባቷ ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፉ ላይ ገቡ። መጥተው ከጎኗ ቆሙ።

"እሰማለሁ እትዬ" አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የእኔ ልጅ ናት።"

ግቢውን አቋርጠው ወደ ጓሮ ተመለሱ። ደጃፋቸው ሲደርሱ አባቷ ቆም ብለው፣ "ለመሆኑ ትወጂዋለሽ?" አሏት፣ እንደማፈር ብለው።

"እወደዋለሁ አባዬ። ግን አንጀቴን አሳርሮታል።"

"ሁለቱም አብረው ይመጣሉ" አሉና ትከሻዋን ዳበስ አደረጉ። ቀኑን ሙሉ የያዘችው እንባ ያኔ ፈሰሰ።

*

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ሙከራው በር ላይ ቀይ መብራት በርቶ አገኘችው፤ ሌዘሩ እየተኮሰ ነው ማለት ነው። መነጽሯን አድርጋ ገባች። ሎጋው ሸሚዙ ተጨማድዶ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቷል። ሲያያት ብድግ አለ።

"እውነት ነው!" አለ እየጮኸ። "ችኮ፣ እውነት ነው! ከንጋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። የዋናውን ብርሃን ኃይል ቀነስኩት፤ ቀዩም ቀነሰ። ከፍ አደረግኩት፤ ቀዩም ጨመረ። ዋናውን ጭራሽ ስዘጋው ምንም የለም! መስኮቱ ቢሆን ኖሮ የዋናውን ብርሃን ኃይል በምን ያውቃል? ስህተት አይደለም። ይኸውልሽ፣ እይው!"

እጁን ዘረጋላት። እንደዚያን ዕለት ሊያሽከረክራት ነው።

እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"ይህንኑ እኮ ነው ያሳየሁህ" አለች። "አንድም ሳይጎድል። ኃይሉን ቀንሼ፣ ጨምሬ፣ ዘግቼ።"

"አዎ፣ ግን አሁን በራሴ ዓይን..."

"አሁን በራስህ ዓይን። የእኔ ዓይን ዓይን አይደለማ! እኔ ስለካው ጥርጣሬ ነው፤ አንተ ስትለካው እውነት ነው። አባትህም እኮ ያደረጉት ይህንኑ ነው።" ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ልታወርደውም አልሞከረችም። "ልክ መሆኔን ልትነግረኝ አትምጣ። ልክ መሆኔን አውቃለሁ! አንተ ከጎኔ ያልቆምከው ስጠረጠር ነው። ማሽኑ ከመሰከረልኝ በኋላማ ማንም ያምነኛል፤ ያቺ ጎበዝ ያለችኝ ሴትዮ እንኳ ታምነኛለች!"

የተዘረጋው እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ አየችው፤ ቦታውን የያዘው ግን ኩርፊያ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምቷታል።

"ፈርቼ ነው" አለ በመጨረሻ። "ጥርጣሬም አይደለም መሰለኝ። ቀዩን ካመንኩ አባቴ ተሳስተዋል ማለት ነው። ይህን ከማሰብ አንቺን መጠርጠር ቀለለኝ። አየሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ።"

ሰበብ ቢደረድር ታውቅበታለች። ይህን ግን አልጠበቀችም። ንዴቷ ባይበርድም ሆዷ ባባ። ሁለቱን ስሜቶች በአንድ ደረት ይዛ ወደ አዳራሹ ሄደች።

*

ስብሰባው ተጀምሯል። ዳይሬክተሩ የማጠቃለያ ንግግራቸውን እያደረጉ ነው። ልጅቷ ትናንት የቆመችበት ግድግዳ ዘንድ አልሄደችም፤ ከፊት ረድፍ አንድ ባዶ ወንበር አገኘችና ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ እንግዳ ሻንጣቸውን ሰብሰብ አደረጉላት።

ሎጋው ገብቶ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ያለው ገጽ ተቀየረ። ግራፉ ሙሉውን ወጣ። ቀዩ ከነመነሻው፣ ወደ ታች ወርዶ፣ ዞሮ ወደ ሰማያዊ ሲወጣ።

"ምንድነው ይሄ? መልሰው!" አሉ ዳይሬክተሩ።

ሎጋው ተነሣ። "ይቅርታ አባባ፣ አልመልሰውም። ትናንት ያያችሁት ግራፍ የተቆረጠ ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሥራውን ያስተባበርኩትም እኔ አይደለሁም። ሐሳቡም ልኬቱም የእሷ ነው።" በእጁ አመለከታት። "ረድታናለች የተባለው ስህተት ነው። የረዳኋት እኔ ነኝ።"

"ቁጭ በል!"

"እቀመጣለሁ። እሷ ትናገር።"

ዳይሬክተሩ ወደ እሷ ዞሩ። ግቢ ውስጥ ጋሼ የምትላቸው፣ እዚህ ዶክተር የምትላቸው ሰው። ዓይናቸው "ተይ፣ አንቺ ልጅ" ይላል። ቢሆንም ተነሣች።

"ዶክተር፣ ይፈቀድልኝ" አለች፤ ግን ፈቃዱን አልጠበቀችም። "ትናንት የሾፌር ልጅ መሆኔ ተነግሯችኋል። እውነት ነው፤ አባቴ ሾፌር ነው። ያልተነገራችሁ ይህን ቀይ ማየቴ ነው። ብርሃኑ ሲያርፍበት ፕላዝማው መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሳይገፋ የፈነዳበት አንድም ጊዜ አላየሁም። እንደዚያ አይደለም የሚል ሰው ካለ ይጠይቀኝ። ከፈለገም ቤተ ሙከራው እዚሁ ነው፤ ሄደን እንተኩስ።"

ጥያቄው ዘነበ። አንዱን ስትመልስ ሌላው ይነሣል። ጎበዝ ያለቻት ሴትዮ እንኳ እጇን አውጥታ ስለ ብርጭቆው ውፍረት ጠየቀቻት፤ በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ለትልቅ ሰው የሚሆን ነበር። ሽማግሌው እንግዳ በመጨረሻ "እንሂድ እንጂ፤ ይተኮስና እንየው" ብለው ሻንጣቸውን አነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ዳይሬክተሩ ብቻ ከመድረኩ ወርደው፣ ማንንም ሳያዩ በጎን በር ወጡ። ሲወጡ ከኋላ አይታቸው ደስ ይለኛል ብላ ነበር። አልሆነም። የተሰማት ከባድ ሐዘን ነው፤ እኚያ ሰው በልጅነቷ የመጀመሪያውን ማጉሊያ መነጽር በእጇ ያስያዟት ናቸው።

እንግዶቹ ቀዩን በዓይናቸው አይተው፣ እየተከራከሩ ሲበታተኑ፣ ሎጋው ከቤተ ሙከራው በር አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃት ነበር። አልተጠጋትም።

"ከዚያ ግቢ ልንወጣ ነው" አለችው። "አባዬ ቤት እያፈላለገ ነው። ሥራውንም ይለቃል መሰለኝ።"

"ሰማሁ። እኔም እወጣለሁ። ለእናቴ ነግሬያታለሁ።" ከግድግዳው ቀና አለ። "ዛሬ ያደረግሁት የትናንቱን እንደማይሽረው አውቃለሁ። ይቅር በይኝ ልልሽ አፌ አልደፈረም።"

"ጥሩ ነው። ብትለኝ እቆጣ ነበር።"

"አሁንስ ተቆጥተሽ የለ እንዴ?"

"በጣም! ንዴቴ ገና አልወጣልኝም። መቼ እንደሚወጣልኝም አላውቅም። ነገ ልጮህብህ እችላለሁ፤ ከነገ ወዲያም።"

"እሺ" አለ በለሆሳስ። ዓይኑን ዛሬ ከዓይኗ አልነቀለም፤ እንባ ሞልቶበታል። "እስኪወጣልሽ ልጠብቅ?"

የአየር መምጠጫው ሞተር ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የራሷን ልብ ትርታ ትሰማለች። ልቧ ከንዴቷ ጋር፣ ንዴቷም ከፍቅሯ ጋር፣ አንዱ አንዱን ሳያስወጣ እየመታ ነበር።

"ጠብቅ" አለችው። "ግን ሩቅ ሆነህ አይደለም። እዚሁ፣ አጠገቤ ሆነህ ጠብቅ።"